ብርሃኑን የያዘው ወሽመጥ



 የምነግራችሁ በካሪቢያን ባሕር፣ በፖርቶ ሪኮ ሥር በምትተዳደረው በቪዬኬስ ደሴት ስለሚገኝ አንድ ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ነው። ሞስኪቶ ቤይ ይሉታል። ሌሊት እጅ ሲነካው፣ ዓሣ ሲሰነጥቀው፣ ዝናብ ሲያርፍበት ውሃው ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ጊነስ የተባለው የዓለም ክብረ ወሰን መዝገብ በዓለም ካሉት መሰል ወሽመጦች ሁሉ ደማቁ ይህ ነው ብሎ አስፍሮታል።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምንድን ነው የሚያበራው?» ብሎ ነው። መልሱን እሰጣችኋለሁ። ለብዙ ዓመታት ባዮሎጂ ሳስተምር የኖርኩት እኔን ግን ይበልጥ የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ያ ብርሃን ለምን እዚያ ተጠራቀመ? የሚያበሩት ጥቃቅን ፍጥረታት በሞቃታማ ባሕሮች በብዙ ቦታ ይገኛሉ። እንዲህ ተሰብስበው ዓመት እስከ ዓመት የሚኖሩበት ቦታ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ምክንያቱን እያነበብኩ፣ ኋላም ቦታው ድረስ ሄጄ እያየሁ የተረዳሁት ብርሃኑን የያዙት የበሰበሰ ቅጠል የሞላበት ጭቃ፣ ጠባብ መግቢያና ጨለማ መሆናቸውን ነው። ሰው አንድን የባሕር ዳርቻ ላልማ ብሎ ሲነሳ በቅድሚያ የሚያስወግዳቸውም እነዚሁ ናቸው፤ ጭቃውን ይጠርጋል፣ መግቢያውን ያሰፋል፣ መብራት ይተክላል። ዛሬ ላስረዳችሁ የመጣሁት ነገር ይኸው ነው።

መጀመሪያ ከፍጥረቱ እንተዋወቅ። የሳይንስ ስሙ ፓይሮዲኒየም ባሃመንሴ ነው፤ ዳይኖፍላጀሌት ከሚባሉት ባለ አንድ ሕዋስ የባሕር ፍጥረታት ወገን ነው። ከአንድ ሚሊሜትር ሃያ እጅ አንዱን ያህል ቢሆን ነው። ቀን ቀን ልክ እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን ያዘጋጃል፤ ተክል ነው እንዳንል ደግሞ ጅራፍ መሰል ጭራ አለው፣ እየተሽከረከረ ይዋኛል። ስለ ሞስኪቶ ቤይ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር በአንድ ጋሎን ውሃ እስከ 700,000 የሚደርሱ ይገኙበታል የሚል ነው። ጋሎን ማለት አራት ሊትር እንኳ የማይሞላ ውሃ ነው።

በዓይን ተለይቶ የማይታይ ፍጥረት በብዛቱ የአንድን ውሃ መልክ ሊለውጥ እንደሚችል እኛ በአገራችን አይተናል። ቢሾፍቱ የሄደ ሰው አረንጓዴ ሐይቅን ያውቀዋል። ያን ቀለም የሚሰጡት በማይክሮስኮፕ ካልሆነ ተለይተው የማይታዩት ስፒሩሊና የሚባሉት ናቸው። ታዲያ ጣና ወይም ሐዋሳ ሌሊት ለምን አያበሩም? ተማሪዎቼም ይህንኑ ይጠይቁኝ ነበር። የሚያበሩት ዳይኖፍላጀሌቶች የባሕር ፍጥረታት ስለሆኑ ነው። ጨው በሌለው ሐይቅና ወንዝ ውስጥ በገዛ አካሉ የሚያበራ ፍጥረት ማግኘት በመላው ዓለም እጅግ ብርቅ ነው፤ በኒውዚላንድ ወንዞች የሚኖር አንድ ትንሽ ቀንድ አውጣ ከብርቆቹ አንዱ ነው። ባሕሩ ግን በእንዲህ ያሉ ፍጥረታት የተሞላ ነው።

ብርሃኑ እንዴት ይወጣል? ሮበርት ቦይል በ1660ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅስላችሁ) የሚያበራ የበሰበሰ እንጨት በጠርሙስ ዘግቶ አየሩን ሲያወጣው ብርሃኑ ደከመ፤ አየሩን ሲመልስለት ብርሃኑም ተመለሰ። ኦክስጅን የሚባል ነገር መኖሩ ገና ሳይታወቅ ማለት ነው። በ1880ዎቹ ደግሞ ፈረንሳዊው ራፋኤል ዱቧ ለዚህ ብርሃን ሁለት ነገሮች መገናኘት እንዳለባቸው አሳየ፤ አንደኛውን ሉሲፈሪን፣ ሁለተኛውን ሉሲፈሬዝ አላቸው። ሉሲፈሪን ነዳጁ ነው፤ ሉሲፈሬዝ ሥራውን የሚያፋጥነው ኤንዛይም ነው። በእኛ ፍጥረት ሕዋስ ውስጥ እነዚህ በጥቃቅን ከረጢቶች ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ውሃው ሲናወጥ የሕዋሱ ሽፋን ይጫናል፤ ከዚያ የኤሌክትሪክ ምልክት በሕዋሱ ውስጥ ይሮጣል፤ የከረጢቶቹ ውስጥ አሲድ ይሆናል፤ ሉሲፈሪኑ ከታሰረበት ይለቀቅና ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ብርሃን ይፈነጥቃል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። የሚሰማ ሙቀት የለውም።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ዉዲ ሄስቲንግስና ቢያትሪስ ስዊኒ በ1950ዎቹ የዚህን ፍጥረት የቅርብ ዘመድ በቤተ ሙከራ አስቀምጠው አጠኑ። ቀንና ሌሊት በማይለዋወጥበት ክፍል ውስጥ እንኳ ፍጥረቱ የሌሊቱ ሰዓት ሲደርስ ብርሃኑን ያበረታ፣ የቀኑ ሰዓት ሲደርስ ይቀንስ ነበር። አንጎል የለውም፣ ነርቭ የለውም፤ ግን በውስጡ ሰዓት አለው። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሕያዋን ስለያዙት የውስጥ ሰዓት የሚደረገው ምርምር ብዙ ነገር አግኝቷል። አንዲት ሕዋስ ይህን ሁሉ መያዟን ሳስብ ዛሬም እደነቃለሁ።

ለምን ያበራል ለሚለው ተመራማሪዎች የሚሰጡት ምክንያት በላተኛን ይመለከታል። ኮፔፖድ የሚባል፣ ሽሪምፕ የሚመስል ትንሽ እንስሳ ሊበላው ሲጠጋ ብልጭታው ያስደነግጠዋል። ከዚህ አልፎ ደግሞ ብልጭታው በላተኛውን ራሱን ያጋልጠዋል፤ በጨለማ ውስጥ ተደብቆ ሲለቅም የነበረው ኮፔፖድ የት እንዳለ ለዓሣው ይታወቃል። ሌባ ገባ ብሎ እንደሚጮህ ሰው ማለት ነው፤ የሚጮኸው ሰው ራሱ መታገል አይጠበቅበትም፣ ጎረቤት ይደርስለታል።

አሁን ወደ ወሽመጡ ልውሰዳችሁ። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ጉድጓድ የበዛበት የአፈር መንገድ ነው። የወሰደን አሽከርካሪና አስጎብኚ የደሴቲቱ ተወላጅ ነበር፤ ዳርቻው ስንደርስ የመኪናውን መብራት አጠፋና ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ አቆመን። መጀመሪያ የተቀበለን ሽታው ነው። ማንግሮቭ የሚባለው የባሕር ዳር ዛፍ የበቀለበት ጭቃ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ጥቂት ሰዎች አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ግን ያ ሽታ ከየት እንደሚመጣ ስለማውቅ ደስ አለኝ፤ ጭቃው ውስጥ ባክቴሪያዎች ቅጠሉን እየፈጩ መሆኑን የሚናገር ሽታ ነው።

ካያክ በሚባል ትንሽ ጀልባ ገባን። መቅዘፊያዬን ወደ ውሃው ስሰድ በዙሪያው ሰማያዊ ብርሃን ተጠመጠመ፤ ሳወጣው ከጫፉ የሚንጠባጠበው እያንዳንዱ ጠብታ ሲያርፍ በራ። እጄን አስገብቼ ሳላንቀሳቅስ ያዝኩት፤ ምንም የለም፣ ጥቁር ውሃ ነው። ጣቴን ሳነቃንቅ ጣቴ ብቻ በራ። አውጥቼ ክንዴን ሳየው በጸጉሩ ላይ የቀሩት ጠብታዎች ወደ ታች ሲንሸራተቱ አንድ በአንድ ብልጭ እያሉ ይጠፉ ነበር። ከካያኩ ሥር አንድ ትልቅ ዓሣ ደንግጦ ሲሸሽ ርዝመቱን፣ አቅጣጫውን፣ ጅራቱን የመታበትን ቦታ ሁሉ አየሁ፤ ዓሣውን ራሱን ግን አላየሁትም። ከዚያ ካፊያ ጣለ። ጠብታው የነካው ቦታ ሁሉ በራ፤ ወሽመጡ ከዳር እስከ ዳር። አብረውን ከነበሩት መካከል አንዲት አሮጊት በስፓኒሽ ጸሎት ሲያደርሱ ሰማሁ፤ ቋንቋውን ባልሰማም ጸሎት መሆኑ አልጠፋኝም።

ብርሃኑ ለምን እዚያ ተጠራቀመ ወዳልኩት ልመለስ። ማንግሮቭ ሥሩን ጨው ውሃ ውስጥ ተክሎ የሚኖር ዛፍ ነው። የሞስኪቶ ቤይን ዳርቻ የከበበው በብዛት ቀዩ ማንግሮቭ ነው፤ ሥሮቹ ከግንዱ ወጥተው ቀስት እየሠሩ ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ ይረግፋል። ባክቴሪያዎች ያን ቅጠል ሲያበሰብሱት ለፓይሮዲኒየም ምግብ የሚሆን ንጥረ ነገር ወደ ውሃው ይገባል፤ ከነዚህም አንዱ ቫይታሚን ቢ12 ነው። ሥሮቹ ደግሞ ከኮረብታ የሚወርደውን አፈር ይይዛሉ። ለመዝናኛ ዳርቻ ተብሎ ማንግሮቩ ተመንጥሮ ነጭ አሸዋ ቢነጠፍበት ወሽመጡ ለዓይን ያማረ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ፍጥረቱ ግን የሚበላውን ያጣል።

ጠባቡ መግቢያ ደግሞ ሌላው ነገር ነው። ወሽመጡ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ነው፤ ጥልቀቱም ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። በካሪቢያን የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ራሱ ትንሽ ስለሆነ የሚገባውና የሚወጣው ውሃ ውስን ነው። የፀሐዩ ሙቀት ውሃውን ያሞቀዋል፣ ጨዉንም ያከብደዋል። በአሜሪካ፣ በባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሃዋርድ ሰሊገርና ባልደረቦቹ ይህንኑ ጉዳይ በጃማይካ፣ ፋልማውዝ ከተማ አጠገብ ባለው የሚያበራ ላጉን ላይ አጥንተው በ1970 ጽፈዋል። ዋናው ቁም ነገር እንዲህ ነው፤ ፍጥረቶቹ ቀን ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ከባሕር የሚነፍሰው ነፋስ የላዩን ውሃ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ውሃ ወደ ባሕር ቢወጣም እነሱ አብረው ተጠርገው አይሄዱም። የቦታው ቅርጽ፣ የነፋሱ አቅጣጫና የፍጥረቱ ጠባይ ተገጣጥመው ነው ያ ሁሉ ብርሃን በአንድ ቦታ የሚከማቸው።

መግቢያው ቢሰፋ ምን ይሆናል ለሚል ሰው መልሱ ባሃማስ አለ። ይህ ፍጥረት በ1906 በጀርመናዊው ሉድቪግ ፕላተ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የተገለጸው በናሶ ከተማ፣ ዋተርሉ በሚባል ትንሽ ሐይቅ ውስጥ ነው፤ ባሃመንሴ የተባለውም ከዚያ ተነሥቶ ነው። በዚያ ዘመን ወደ ናሶ የሚመጣ መንገደኛ የእሳት ሐይቅ እያለ ሌሊት ሌሊት ሄዶ ይጎበኘው ነበር። ሐይቁን ከባሕር የሚያገናኘው ቦይ ኋላ ሲሰፋ ብርሃኑ ጠፋ። ፍጥረቱን የገደለ መርዝ አልነበረም፤ አንገቱ ሰፋ፣ ባሕሩ ጠረገው። ለሳይንስ ስሙን የሰጠው ቦታ ዛሬ ጨለማ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ሳነበው እንዳዘንኩ ሁሉ አሁንም ስናገረው አዝናለሁ።

ታዲያ ሞስኪቶ ቤይ እንዴት ሳይነካ ቀረ? ታሪኩ መራራ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከ1941 ጀምሮ የቪዬኬስን አብዛኛውን መሬት ከነዋሪው ወሰደ። ገበሬዎችና የሸንኮራ አገዳ ሠራተኞች ከምሥራቁና ከምዕራቡ ተነሥተው ወደ መሐል ታጨቁ። ምሥራቁ ለስድሳ ዓመት ያህል የቦምብ መለማመጃ ሆነ። ሚያዝያ 19 ቀን 1999 ከዒላማው የሳተ ቦምብ ዴቪድ ሳኔስ የሚባል የጥበቃ ሠራተኛ ገደለ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ወደ ኋላ አላለም፤ ዓሣ አጥማጆች በጀልባቸው፣ ካህናት ከምእመናን ጋር ወደ ተኩስ ቦታው እየገቡ ሰፈሩ፣ ብዙዎች ታሰሩ፤ በመጨረሻም ግንቦት 1 ቀን 2003 ባሕር ኃይሉ ወጣ። ከያዘው መሬት ብዙው የዱር እንስሳት መጠለያ ተብሎ ተከለለ። ወሽመጡ ራሱ በ1980 ብሔራዊ የተፈጥሮ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል።

በነዚያ ዓመታት በደሴቲቱ ላይ ትልልቅ ሆቴሎች ሳይተከሉ ቀሩ፤ ሌሊቱም ጨለማ ሆኖ ቆየ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ሲያወሱ ባሕር ኃይሉን ሊያመሰግኑት ይቃጣቸዋል። እኔ አልስማማም። መሬቱን የተነጠቀና ልጆቹ በፍንዳታ ድምፅ የተኙበት ሕዝብ ባለበት አገር ለቦምብ ምስጋና አይገባም። ምስጋና የሚገባ ከሆነ የሚገባው ባሕር ኃይሉ ከወጣ በኋላ፣ መሬቱን ለመቸርቸር የሚመቸው ጊዜ ሲመጣ፣ ወሽመጡን ላስከበሩት የቪዬኬስ ሰዎች ነው። ደሴቲቱ ዛሬ ስምንት ሺህ ገደማ ነዋሪ አላት፤ ሥራ ይቸግራል። በዚያ ችግር ውስጥ ሆነው ሞተር ጀልባ አይግባ፣ ሰው አይዋኝ የሚል ሕግ ማክበር ቀላል ነገር አይደለም።

መዋኘት ለምን ተከለከለ? ሰው ገላው ላይ የተቀባው የትንኝ መከላከያና የፀሐይ ቅባት ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል፤ ጠባብ አንገት ያለው ወሽመጥ ደግሞ የገባበትን ነገር ቶሎ አያወጣም። ብርሃኑን የሚያጠራቅመው ያው ባሕርይ ቆሻሻውንም ያጠራቅመዋል ማለት ነው። በዚያችው በፖርቶ ሪኮ፣ በዋናው ደሴት ደቡብ ምዕራብ ላ ፓርጌራ የሚባል ሌላ የሚያበራ ወሽመጥ አለ። እዚያ ሞተር ጀልባም ዋናም ተፈቅዶ ኖረ፤ ብርሃኑም ከቀድሞው በእጅጉ ደክሟል። በምሥራቁ በኩል ፋሃርዶ አጠገብ ያለው ላጉና ግራንዴ ደግሞ በኅዳር 2013 በድንገት ጨለመ። አስጎብኚዎች ጉዞ ሰረዙ፤ ነፋሱና ዝናቡ ነው የሚል፣ በአካባቢው ከሚሠራ ግንባታ የወረደ ጎርፍ ነው የሚል፣ ጀልባ በዝቶ ነው የሚል ክርክር ተነሣ። ኋላ ብርሃኑ ተመለሰ፤ ሰዉ ግን ነገሩ ሊጠፋ የሚችል መሆኑን ያኔ በዓይኑ አየ።

ሞስኪቶ ቤይም ጨልሞ ያውቃል። መስከረም 20 ቀን 2017 ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን መታቻት። ማንግሮቩ ተገነጣጠለ፣ የዝናቡ ጎርፍ ወሽመጡን ሞላው፣ ብርሃኑ ጠፋ። ነዋሪው ቤቱ ፈርሶ፣ መብራትና ስልክ ተቋርጦ፣ ያለው ብቸኛ ሆስፒታል ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ እያለ ወሽመጡም ጨለመበት። በቀጣዩ ዓመት ግን ብርሃኑ ተመልሶ ጉብኝት ተጀመረ። መግቢያው ጠባብ እንደሆነ ነው። አውሎ ነፋስ ያልፋል። በኤክስካቫተር የተቆረጠ አንገት ግን አይመለስም፤ የናሶው ሐይቅ ብርሃን አልተመለሰም።

ስለ ጨለማው ደግሞ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ኋላ በአፖሎ 13 አዛዥነት ስሙ የገነነው ጂም ላቭል በ1950ዎቹ የባሕር ኃይል አብራሪ ሳለ በጃፓን አካባቢ ሌሊት ሲበር የተነሣበትን መርከብ ማግኘት ተሳነው። ለማንበቢያ ብሎ የገጠማትን መብራት ሲያበራ ኤሌክትሪኩ ተቃጠለና በጋቢናው ያለው መብራት ሁሉ ጠፋ። ጨለማ ሲሆን ግን ከታች በባሕሩ ላይ የተዘረጋ ደብዛዛ የብርሃን መስመር አየ፤ መርከቡ ውሃውን ሲያናውጥ ጥቃቅን ፍጥረታት ያበሩት ነበር። መስመሩን ተከትሎ መርከቡ ላይ አረፈ። መብራቱ ባይጠፋ ኖሮ አያየውም ነበር። ሞስኪቶ ቤይ ዳርቻ ላይ አንድ ትልቅ የሆቴል መብራት ቢቆም ፍጥረቱ ሳይሞት፣ ውሃው ሳይበከል፣ ብርሃኑ ከዓይናችን ይጠፋል።

በቅንፍ የምጨምረው አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የዚህ ፍጥረት የፓስፊክ ወገን መርዝ ያመርታል። በ1983 በፊሊፒንስ እሱን የበላ የባሕር ዛጎል ሥጋ የተመገቡ ሰዎች ታመው፣ የሞቱም ነበሩ። ስለዚህ የሚያበራ ውሃ ሁሉ አንድ ነው ብላችሁ በየሄዳችሁበት ዛጎል አንሥታችሁ አትብሉ።

ከመካከላችሁ ለመሄድ ያሰባችሁ ብዙ እንደሆናችሁ ከፊታችሁ አያለሁ። ፖርቶ ሪኮ የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች ከሌላው የአሜሪካ ክፍል ስትሄዱ የአገር ውስጥ በረራ ነው። ከዋናው ደሴት ወደ ቪዬኬስ ጀልባው የሚነሣው ከሴይባ ነው። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የጨረቃዋን ቀን ተመልከቱ፤ ሙሉ ጨረቃ ላይ የሄደ ሰው ከፍሎ ተናዶ ይመለሳል። በቅባት ፈንታ እጅጌው ረጅም ልብስ ልበሱ። አስጎብኚውን ስትመርጡ ጉዞው በካያክ መሆኑን፣ ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ የደሴቲቱ ሰው መሆኑን ጠይቁ፤ ገንዘቡ እዚያው ለሚኖረውና ወሽመጡን ለሚጠብቀው ሰው ቢደርስ ደስ ይለኛል። በኢንተርኔት ላይ የምታዩዋቸው ፎቶዎች ካሜራው ለብዙ ሰከንድ ተከፍቶ የተነሡ ስለሆኑ ከዓይን ይልቅ ይደምቃሉ፤ እሱን ጠብቃችሁ አትሂዱ። ስልካችሁንም ዳርቻው ላይ ተዉት፤ የእናንተ ስክሪን የጎረቤታችሁን ዓይን ያበላሸዋል።